ሁለቱ ሰኔ 14ዎች እና ወታደሩ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዲላ ቡና ስንጠጣ፣ ድሮ ታሪክ ያስተማርኩት፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ በምርጫ ቀን ወታደር ከጣቢያው ከራቀ ምርጫው ነጻ ነው ማለት አይደል?» እዛው የሰጠሁት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ታገሱኝ።

መልሴ ባጭሩ፦ አይበቃም። ወታደር በምርጫ ላይ የሚኖረው ሚና የሚወሰነው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጦሩ የማን ነው? ማን ትጥቁን አስቀመጠ፣ ማን ያዘ? የተሸነፈው ሰው ሳይፈራ ቤቱ ይገባል ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

እስቲ ወደ 1983 እንመለስ። ግንቦት 20 ደርግ ወደቀ፣ የቀድሞው ሠራዊትም ተበተነ። በሰኔ ወር መጨረሻ ጉባኤ ተጠርቶ የሽግግር ቻርተር ጸደቀ። ምክር ቤቱ 87 መቀመጫ ነበረው፤ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ፣ የቀረውን ሌሎች ድርጅቶች ተካፈሉት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ወንበሩ ሲከፋፈል ጠመንጃው አልተከፋፈለም። የኢሕአዴግ ጦር የሽግግሩ ዘመን የመንግሥት መከላከያ ሆነ። ኦነግም የራሱን ተዋጊዎች እንደያዘ ቆየ። ያኔ አንድ ፓርቲ ጦሩ የአገር ጦር ተብሎለት፣ ሌላው ጦሩ የድርጅት ጦር ሆኖ፣ ሁለቱም ለአንድ ምርጫ ተዘጋጁ ማለት ነው።

በ1984 የሁለቱም ተዋጊዎች ካምፕ እንዲገቡ ስምምነት ተደረሰ። ነገር ግን የኢሕአዴግ ጦር የጸጥታ ሥራው የእሱ ስለነበር ከሜዳው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ምርጫው ሲቃረብ ኦነግ «ጽሕፈት ቤቶቼ ተዘጉ፣ እጩዎቼ ታሰሩ» ብሎ ወጣ፣ ተዋጊዎቹም ካምፑን ለቀው ሄዱ። ሰኔ 14 ቀን 1984 የክልልና የወረዳ ምርጫ ተካሄደ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የክልል መቀመጫ ወሰዱ። ወዲያው በተከተለው ውጊያ ኦነግ ተሸነፈ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሁርሶና ዴዴሳን በመሳሰሉ ካምፖች ታሰሩ። የዚያ ሰኔ ቂም ዛሬም ድረስ አልበረደም። ከዲላ ወጣ ብለን ወደ ጉጂ ስንሄድ የምንሰማው የተኩስ ወሬ ሥሩ አንዱ እዚያ ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ መስከረም 1992፣ አንጎላም ሁለት ጦር እንዳልተፈታ ምርጫ አደረገች። ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ወደ ጫካ ተመለሰ፤ ጦርነቱ ያበቃው እሱ በ2002 ሲሞት ነው። ሞዛምቢክ ይህን አየች። በ1993 ሊደረግ የታሰበውን ምርጫ አዘግይታ፣ ተዋጊዎችን አሰናብታ፣ አዲስ የጋራ ጦር መመሥረት ጀምራ በ1994 መረጠች። ሬናሞ ተሸነፈ፣ ቅር ተሰኘ፣ ግን ፓርላማ ገባ። ከዓመታት በኋላ ችግር አላጣቸውም፤ ያን ጊዜ ግን ወደ እርስ በርስ ጦርነት አልተመለሱም። መዘግየት አንዳንዴ ከመቸኮል ይሻላል።

የእኛም ሕገ መንግሥት ትምህርቱን አልረሳም። አንቀጽ 87ን አንብቡት፦ የሠራዊቱ ተዋጽኦ ሚዛናዊ ይሁን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ይሥራ ይላል። ጽሑፉ ግሩም ነው። ፈተናው ግን በ1997 መጣ። ግንቦት 7 ድምፅ በተሰጠበት ዕለት ማታ፣ ቆጠራው ሳያልቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ፤ የጸጥታ ኃይሉንም በራሳቸው ሥር አደረጉ። በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ልብ በሉ፣ ቀን ላይ ሰልፉ ረጅም፣ ሕዝቡም ጨዋ ነበር። በጣቢያው በር ማንም አልተነካም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰኔ 14 ልምጣ፤ የ2013ቱ። ትግራይ ጦርነት ላይ ስለነበረች አልመረጠችም። እኛ ጌዴኦዎች ደግሞ በ2010 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝባችን ከምዕራብ ጉጂ ተፈናቅሎ ያየነውን አይተናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ሕዝብ ካርዱን ይዞ ተሰለፈ። የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅትም ለተወካዮች ምክር ቤት 2 ወንበር አሸነፈ። ገዥው ፓርቲ 410 ባገኘበት ምርጫ 2 ምንድነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ትልቅ ነገር አየሁበት፤ ተቃዋሚ አሸነፈ፣ ማንም ጠመንጃ አላነሳም፣ ገበያው በማግስቱ ተከፈተ።

የፕሪቶሪያው ስምምነትም ያው ቅደም ተከተል ነው ያለው፦ መጀመሪያ ትጥቅ መፍታት፣ ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ከዚያ ምርጫ። በአማራም በኦሮሚያም ታጣቂ ባለበት አገር፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር የምንጠይቀው «ስንት ታዛቢ መጣ?» ብቻ መሆን የለበትም። «የተሸነፈው በማግስቱ የት ያድራል?» ብለንም እንጠይቅ።

ይሄን ጥያቄ አባቶቻችን ያውቁታል። በባሌ ሥርዓታችን አባ ገዳ 8 ዓመት መርቶ ያስረክባል። ያስረከበውም እዚሁ ጎረቤት ሆኖ፣ ተከብሮ ይኖራል፣ ሶንጎ ላይ ይቀመጣል። ሥልጣን የለቀቀ ሰው እንዲያ መኖር ከቻለ፣ ወታደሩም ዘብ መቆም እንጂ ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ፣ ቡናው አሁን የሱ ተራ ነው። እናንተ በ84ም ሆነ በ97 ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ በተለይ ያኔ በየሰፈሩ የነበራችሁ። ስድብ ብቻ አይሁን እባካችሁ። ሰላም ዋሉ።