ቄሳር በየክፍሉ ሲገደል

የታንጋኒካው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ወደ ስዋሂሊ ተርጉመው ያሳተሙት በ1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አገራቸው ነጻ ከወጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷን መያዟ ነበር። ተውኔቱ ደግሞ አንድ የአገር መሪ በገዛ ወዳጆቹ ጩቤ ተወግቶ ሲወድቅ ያሳያል፤ የሟቹም ስም እንደ ተርጓሚው ጁሊየስ ነው። ዘመኑ እንዲህ ባለ ነገር የሚቀለድበት አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር ወር የቶጎው ፕሬዚዳንት ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ በወታደሮች ተገደሉ። በግንቦት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአንድነት ድርጅታቸውን ሲመሠርቱ ቶጎ አልተወከለችም። በተከታዩ ጥር ደግሞ የኔሬሬ የራሳቸው ጦር ዐመፀ፤ ፕሬዚዳንቱ ለጥቂት ቀናት ተሰውረው ቆዩ፤ ነገሩን ያበረዱትም የብሪታንያ ወታደሮች ነበሩ።

አንድ ርዕሰ ብሔር ያን ሁሉ የመንግሥት ሥራ ተሸክሞ ይህን የመሰለ ተውኔት ስንኝ በስንኝ ሲተረጉም የሚያድረው ምን ነክቶት ነው? መልሱ ከቀድሞ ሙያቸው ይገኛል። ኔሬሬ አስተማሪ ነበሩ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ምዋሊሙ» እያለ የሚጠራቸውም ለዚሁ ነው። በታቦራ መንግሥት ትምህርት ቤት ተምረው፣ ማኬሬሬ ገብተው፣ በ1952 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ተመርቀው ሲመለሱ ከዳሬሰላም አቅራቢያ ፑጉ በሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። በ1955 ከማስተማሩና ከፖለቲካው አንዱን ይምረጡ ሲባሉ ፖለቲካውን መረጡ። ሼክስፒርን ግን ከጠመኔው ጋር ጥለውት አልወጡም።

ተውኔቱ ወደ ክፍል የገባበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። መስከረም 21 ቀን 1599 ቶማስ ፕላተር የሚባል የስዊዘርላንድ ተጓዥ ከምሳ በኋላ የቴምስን ወንዝ ተሻግሮ የቄሳርን መገደል ለንደን ውስጥ በአንድ የሣር ክዳን ቴአትር ቤት ማየቱን ጽፏል። ቄሳር ተወግቶ፣ ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩተስ በሰይፉ ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ተዋናዮቹ መድረክ ላይ ወጥተው አሳምረው መጨፈራቸውንም አልዘነጋም። በዚያን ጊዜ ይህ የከተሜው የከሰዓት በኋላ መዝናኛ ነበር፤ ፈተና የሚያወጣበት አልነበረም። ፈተናው የመጣው 3 መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1874 የመግቢያ ፈተና የሚወስዱ አመልካቾች አንብበዋቸው እንዲመጡ ካዘዛቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ሥራዎች አንዱ «ጁሊየስ ቄሳር» ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የሚፈትነውን ሁለተኛ ደረጃ ማስተማሩ አይቀርምና ተውኔቱ በአሜሪካ ክፍሎች ሥር ሰደደ።

አስተማሪዎች የወደዱበት ምክንያት ቀላል ነው። አጭር ነው። የሮማን ታሪክ ተማሪው በላቲን ክፍለ ጊዜ ለምዶታል። ንግግሩ በቃል ለማስጠናት ይመቻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አስተማሪውን በተማሪው ፊት የሚያሳፍር ነገር የለበትም ማለት ይቻላል፤ የወንድና የሴት ጉዳይ ብሎ ነገር እምብዛም ነው። መራጮቹ አልጋውን ሲፈትሹ ጩቤው አለፋቸው። እንዲህ «ንጹሕ» የተባለው ሥራ በእንግሊዝ ግዛቶችም በየትምህርት ቤቱ ተዳረሰ፤ ፈተናው ከካምብሪጅ ተዘጋጅቶ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ ይህን ማን ተናገረ፣ ለማን፣ መቼ ተናገረ እያለ ይጠይቅ ነበር። ቅኝ ገዢው በገዛ እጁ «መሪ መቼ ይገደላል?» የሚል ጥያቄ ለተገዢው ልጅ አስይዞ ላከ። ይህን ያስተዋለ የትምህርት ሹም የነበረ አይመስለኝም።

ተውኔቱ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ሦስተኛው ገቢር ላይ ሲደርስ እንቅልፋሙም ይነቃል። ቄሳር ሞቷል፤ አስከሬኑ አደባባይ ወጥቷል። መጀመሪያ ብሩተስ ይናገራል፤ ያውም በስድ ንባብ፣ በምክንያት ላይ ምክንያት እየደረደረ፣ ቄሳርን ቢወድም ሮማን የበለጠ እንደሚወድ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሕዝቡም መካከል አንዱ ታዲያ ብሩተስ ራሱ ቄሳር ይሁንልን አለ። ለነጻነት ሲሉ አንድ ገዢ ከገደሉ ገና ደሙ ሳይደርቅ ሕዝቡ ሌላ ገዢ ጠየቀ፤ ብሩተስ ግን ይህን የሰማም አይመስልም። ለእኔ ከጩቤው ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ቦታ ነው።

ቀጥሎ የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ ይወጣል፤ በግጥም። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ የዚህን ሰው መንገድ ወዲያው ይለየዋል፤ ሰሙ የገዳዮቹ ውዳሴ ነው፣ ወርቁ ክስ። ብሩተስ የተከበረ ሰው መሆኑን ደጋግሞ ይመሰክርለታል፤ በደጋገመው ቁጥር ምስክርነቱ እየከፋ ይሄዳል። ከዚያ የቄሳርን ኑዛዜ አወጣ አላወጣ እያለ ያስጎመጃቸዋል፤ ኋላ ሲያነብበው ለእያንዳንዱ የሮማ ዜጋ 75 ድራክማ ተናዞለታል። መጎናጸፊያውንም ገልጦ ይህ የካሲየስ ቀዳዳ፣ ይህ የካስካ፣ ይህ የብሩተስ እያለ በጣቱ ያሳያል። ልብ ያለ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፤ ግድያው ሲፈጸም አንቶኒ ቦታው ላይ አልነበረማ! ከሴረኞቹ አንዱ ትሬቦኒየስ አስቀድሞ አርቆ ወስዶታል። የትኛው ቀዳዳ የማን ጩቤ እንደሆነ በምን አወቀ? ጎበዝ አስተማሪ ይህን አይናገርም፤ ከተማሪዎቹ አንዱ እስኪደርስበት ይጠብቃል።

የተቆጣው ሕዝብ ወዲያው ሲና የሚባል ገጣሚ መንገድ ላይ ያገኛል። ስሙ ከአንዱ ሴረኛ ጋር አንድ ነው፤ እኔ ገጣሚው ነኝ ቢል ለመጥፎ ግጥሙ ይሙት ተባለ። ይህችን አጭር ትዕይንት ዘለው የሚያልፉ አዘጋጆች ብዙ ነበሩ። ኦርሰን ዌልስ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ለተዋናዮቹ የፋሽስት ልብስ አልብሶ ተውኔቱን ሲያቀርብ ግን የተመልካቹን ትንፋሽ ያቆመችው እሷው ነበረች።

መድረክና ግድያ የተጠጋጉበት ሌላም ጊዜ አለ። ኅዳር 25 ቀን 1864 ሦስቱ የቡዝ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ላይ ይህንኑ ተውኔት አብረው ሠሩ፤ ገቢው በሴንትራል ፓርክ ለሚቆም የሼክስፒር ሐውልት ነበር። አንቶኒን የተጫወተው ጆን ዊልክስ ቡዝ አምስት ወር ሳይሞላው አብርሃም ሊንከንን ገደለ። ኔልሰን ማንዴላ በፎርት ሄር ተማሪ ሳሉ ስለ ሊንከን በተሠራ ተውኔት የተሰጣቸው ገጸ ባሕርይ የዚሁ የቡዝ ነበር።

ወደ ቅኝ ግዛቶቹ ትምህርት ቤቶች ስንመለስ፣ ኬንያ ውስጥ አላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ የሼክስፒር ተውኔት ያሳይ ነበር። ከ1940 እስከ 1962 ትምህርት ቤቱን የመሩት እንግሊዛዊው ኬሪ ፍራንሲስ ናቸው። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1955 እዚያ ሲገባ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ወንድሙ ከማው ማው ዐማፅያን ጋር ጫካ ገብቷል። የመጀመሪያውን ክፍለ ትምህርት ጨርሶ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤቱም መንደሩም በቦታቸው አልነበሩም፤ ነዋሪውን አንሥተው ሌላ ቦታ አስፍረውታል። ከግቢው ውጭ ይህን እያየ ነው ከግቢው ውስጥ ሼክስፒርን የተማረው።

የእኛ አገር ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሼክስፒር የገዢ ፈተና ሆኖ አልመጣም፤ በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩት ሁለተኛ ደረጃዎችና በተርጓሚዎች በኩል ገባ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ አመጡ። ኔሬሬ ለስዋሂሊ ያደረጉትን እነዚህ ለአማርኛ አድርገዋል፤ ቤተ መንግሥት ሳይቀመጡ።

ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ቤትም ከቄሳር ጋር ተገናኝተዋል። ሶኒ ቬንካትራትናም የሚባል እስረኛ የሼክስፒርን ሙሉ ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ይዞ፣ ሽፋኑን የዲዋሊ በዓል ካርዶች ለጥፎበት፣ የሃይማኖት መጽሐፌ ነው እያለ ከዘበኞች አተረፈው። ጓደኞቹም የሚወዱትን ቦታ መርጠው እንዲፈርሙበት አዞረው። ዋልተር ሲሱሉ ከ«የቬኒሱ ነጋዴ» የሻይሎክን ንግግር መረጡ። ማንዴላ «ጁሊየስ ቄሳር» ሁለተኛ ገቢር ላይ ቄሳር ሞትን ስለ መፍራት የሚናገርበት አጠገብ ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 ፈረሙ። ቀኑ ያለ ነገር የተመረጠ አይመስልም፤ እሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) የጦር ክንፍ የመጀመሪያ ጥቃቱን ያደረሰው በ1961 በዚሁ ዕለት ነው። የመረጡት የገዳዮቹን ቃል አለመሆኑም ይገርማል፤ የመረጡት ሊሞት ከቤቱ የሚወጣውን ሰው ነው።

ከማንዴላ ፊርማ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ናይሮቢ አጠገብ ንጉጊ ታሰረ። እሱ በ1968 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ክፍል ይሻርና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መሐል ይግባ ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ ለዚያ ግን ማንም አላሰረውም። ያሳሰረው በ1977 ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር ጽፎ ካሚሪቱ ላይ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች በጊኩዩ ቋንቋ የተጫወቱት ተውኔት ነው፤ መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አገደው። በእንግሊዝኛ የቀረበ የመሪ ግድያ የፈተና ጥያቄ ሲሆን፣ በአገሬው ቋንቋ የቀረበ የመሬት ጥያቄ ወንጀል ሆነ። ንጉጊ ያለ ፍርድ ካሚቲ እስር ቤት ቆይቶ፣ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጽፎ፣ በታኅሣሥ 1978 ተፈታ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ግን አልመለሱለትም።