ላይቭ ኤይድ

ላይቭ ኤይድ፦ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየሞች በአንድ ቀን የቀረበ የሮክና የፖፕ ሙዚቃ ዝግጅት። የተሰናዳው በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሆን፣ አስተባባሪዎቹ ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ነበሩ።

መነሻው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በኢትዮጵያ ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበውና በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው የረሃቡ ዜና ነው። ጌልዶፍና ዩር በመጀመሪያ በዚያው ዓመት ስለ ገና አንድ ዘፈን አሳተሙ። ዘፈኑ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ ርእሱ ግን የተራበው ሕዝብ ገና መድረሱን ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ልደትን ከጥንት ጀምሮ ለሚያከብር አገር ይህ ጥያቄ ተገቢ አልነበረም።

ከዘፈኑ ቀጥሎ በመጣው በላይቭ ኤይድ፣ በዌምብሌይ መድረክ ከሁሉም የላቀው ኩዊን የተባለው የሙዚቃ ቡድን ነው። የቡድኑ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ስታዲየሙን በሙሉ እንደ አንድ ሰው አዘፈነው። ሙዚቀኛው ፊል ኮሊንስ ደግሞ ለንደን ላይ ዘፍኖ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ ፊላደልፊያ ደረሰና በዚያው ዕለት በድጋሚ ተጫወተ።

የሁሉ መነሻ የሆነው መሐመድ አሚን በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ አቅራቢያ ባሕር ላይ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል።