ጨጓራ ከጠበበ በኋላ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሳይተዋወቁ የተወለዱ፣ ከረጅም ዘመን በኋላ ግን በአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተገናኙ ግኝቶች አሉ። በ1881 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ላይ በነቀርሳ የተያዘ የጨጓራ ክፍል ቆርጦ አወጣና የቀረውን ከአንጀት ጋር አገናኘ። በሽተኛዋም ከቀዶ ሕክምናው አገግማ ለጥቂት ወራት በሕይወት ቆየች። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል ቬርኒኬ የሦስት ሕሙማንን ታሪክ በመጽሐፉ አሳተመ። ሁለቱ የመጠጥ ሱሰኞች ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ ሰልፈሪክ አሲድ ጠጥታ ጨጓራዋ የተጎዳ ወጣት ሴት ነበረች። የበላችው እየተመለሰባት ደጋግማ ታስታውክ ጀመር፤ ከዚያም አእምሮዋ ተደናገረ፣ ዓይኖቿ መንቀሳቀስ ተሳናቸው፣ አካሄዷ ተንገዳገደ፤ በመጨረሻም ሞተች። ቬርኒኬ ሕመሙን የአንጎል መቆጣት ነው ብሎ ገመተ።

ቢልሮት ጨጓራን መቁረጥ የሚቻል መሆኑን አሳየ፤ ቬርኒኬ ደግሞ ጨጓራ ምግብ መያዝ ሲያቅተው በአንጎል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ምክንያቱን ሳያውቅ መዘገበ። ሁለቱ መንገዶች እስኪገናኙ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

የሕመሙ ምክንያት የተገኘው ከጨጓራ ሕክምና ርቆ በዶሮዎች ጉሮኖ ውስጥ ነው። በ1890ዎቹ ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በጃቫ ደሴት ሲሠራ፣ የተፈተገ ሩዝ ብቻ የሚመገቡ ዶሮዎች ቤሪቤሪን በመሰለ የነርቭ ሕመም እንደሚያዙ፣ ሩዙ ከነገለባው ሲሰጣቸው ግን እንደሚድኑ አስተዋለ። በ1926 ያንሰንና ዶናት በገለባው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር አጣርተው አወጡት፤ በ1936 ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ዊልያምስ በላቦራቶሪ ሠራው። ይህም ዛሬ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የሚባለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሲንጋፖር የጦር ምርኮኞች ሆስፒታል ያገለገሉት ሐኪሞች ደ ዋርድነርና ሌኖክስ በ1947 የ52 ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። በምርኮኞቹ ላይ የታየው ቬርኒኬ የገለጸው ሕመም ነበር፤ መንስኤውም የታያሚን እጥረት መሆኑ በግልጽ ታወቀ። መጠጥ ያልቀመሱ ሰዎችም በረሃብና በተቅማጥ ብቻ ለዚህ ሕመም ሊጋለጡ እንደሚችሉ የተረጋገጠውም ያኔ ነው።

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ለመቀነስ የተደረገው ሙከራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1954 በሚኒሶታ ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን የቀጭኑን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ ውጪ የሚያደርግ ዘዴ አስተዋወቁ። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ፔይንና ዲዊንድ ዘዴውን አሻሽለው ወደ 35 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን የላይኛውን ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሚሆነው የታችኛው ጫፍ ጋር ማገናኘት ጀመሩ። ክብደት በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የጉበት ውድቀት ተከተሉ። በመሆኑም ዘዴው ቀስ በቀስ ተተወ። ምግብ እንዳይሰርጽ መከልከል ብቻውን ሕክምና ሊባል እንደማይችል ትምህርት የተገኘው በብዙ ሕሙማን ሥቃይ ነው።

በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን ሌላ መንገድ ፈለገ። በጨጓራ ቁስል ምክንያት ከፊል ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች ክብደት እየቀነሱ መሄዳቸው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ችግር ነበር። ሜሰን ይህን ችግር ወደ መፍትሔ በመለወጥ በ1966 ከቺካሺ ኢቶ ጋር የመጀመሪያውን የጨጓራ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ1994 ዊትግሮቭና ክላርክ ይህንኑ ሥራ በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በሚገባ መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ጨጓራን እንደ እጅጌ የሚያጠበው ዘዴ ተጨምሮ፣ ሕክምናው በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ስለ ቢላዋው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማንኪያው ግን ያን ያህል አልተጻፈም። ሆኖም የሕመምተኛው ዕጣ የሚወሰነው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ጭምር ነው። በማለፊያው ዘዴ የሚቀረው ከረጢት ብዙውን ጊዜ ከ30 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ይኸውም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ስፌቱ ገና ያልጠና፣ ሕብረ ሥጋውም ያበጠ ስለሆነ፣ ምግቡ በደረጃ ይሰጣል፦ በመጀመሪያ ቀጭን ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ወተትና የተጣራ ሾርባን የመሰለ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያ የላመ ምግብ፣ በኋላም ለስላሳ ምግብ፤ ወደ ተለመደው ገበታ የሚመለሰውም ከአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ሕመምተኛው ቀስ ብሎ ያኝካል፤ ጥጋብ እንደተሰማው ያቆማል፤ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲንና 1 ሊትር ተኩል ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያገኝ ይመከራል።

ስኳር የበዛበት መጠጥ የሚከለከለውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው። በ1913 እንግሊዛዊው ሐኪም አርተር ኸርትዝ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተለወጠ ሰዎች ከምግብ በኋላ እንደሚያልባቸውና እንደሚደክሙ ገለጸ፤ በ1922 ደግሞ ሁኔታው ዳምፒንግ፣ ማለትም ጭነትን በአንድ ጊዜ ማራገፍ የሚል ስም ተሰጠው። ጣፋጩ ምግብ ጨጓራ ሳይገታው አንጀት ውስጥ ሲራገፍ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ያስከትላል። እንግዲህ አጥሚት ለአራስና ለደካማ ሰው የታወቀ መጠገኛ ቢሆንም፣ ስኳር የበዛበት አጥሚት ለዚህ ሕመምተኛ ሸክም ነው። ስኳሩ ቀርቶ ወተት ወይም የጥራጥሬ ዱቄት ቢገባበት ግን ይጠቅማል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የማያቋርጥ ትውከት ነው። በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ታያሚን 30 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያልቃል። ጨጓራን የሚያጠብ ቀዶ ሕክምና በተስፋፋባቸው ዓመታት የቬርኒኬ ሕመም በተሠሩ ሰዎች ላይ መታየቱ ከየአቅጣጫው ይዘገብ ጀመር። በ2008 ኖርዌያዊው ሐኪም ኤርለንድ ኦስሃይም እስከዚያ ጊዜ የተዘገቡ 84 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት፣ ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል አስቀድመው ደጋግመው ያስታውኩ ነበር፤ አብዛኞቹም የታመሙት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ነው። ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ አልዳኑም።

ከዚህ በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ ቀና አሳቢ የሆነ ስሕተት አለ። የሚያስታውክ ሰው ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የመጀመሪያው ርዳታ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ይሆናል። ሰውነት ግን ግሉኮስን ለማቃጠል ታያሚን ያስፈልገዋል፤ በጥቂቱ የቀረው ታያሚንም በዚህ ያልቃል። ስለሆነም ሊያድን የታሰበው ከረጢት ሕመሙን ያባብሰዋል። ታያሚን ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ ቢሰጥ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል፤ ለሚያስታውክ ሰው የሚዋጥ ክኒን ስለማይበቃ በመርፌ መሰጠት ይኖርበታል። ሕክምናው ከዘገየ ሩሲያዊው ሐኪም ሰርጌ ኮርሳኮፍ በ1887 የገለጸው የማስታወስ ችሎታ ማጣት ይከተላል። ክብደቱን ለመቀነስ የገባ ሰው የልጆቹን ዕድሜ ረስቶ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ጨጓራን በሚያጠቡ ሐኪሞች ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በውጭ አገር ተሠርቶ የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ትውከት ሲይዘው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀበለው ነርስ ወይም ሐኪም ምን እንደተሠራለት መጠየቅ አለበት። በእርግዝና ምክንያት ለሳምንታት ያስታወከች እናትም፣ ለረጅም ጊዜ ምግብ ያልቀመሰ ማንኛውም ሕመምተኛም በዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው። የመድኃኒቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው። በ1881 የሞተችው ወጣት የታመመችበትን ምክንያት በዘመኗ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ በዚሁ ሕመም ለሚጎዳ ሕመምተኛ ግን ሕክምና ይህን ማስተባበያ ሊያቀርብ አይችልም።