በፖስታ የተላከ የአየር ንብረት

መጀመሪያ የከፈትኩት የአየር ንብረት ሞዴል ፋይል የአንድን ቀን ዝናብ 0.00003 ይላል። ኮዴ የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ስህተቴን ስፈልግ ቆየሁ። መልሱ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል፤ ቁጥሩ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚወርደው ውሃ በኪሎግራም ነው። በቀኑ 86,400 ሰከንዶች ሲባዛ 2.6 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ፋይል ራሱን ሲያስረዳ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞዴል የሚሠሩት ሱፐር ኮምፒውተር ያላቸው ጥቂት ማዕከላት ነበሩ። እያንዳንዱ ሙከራውን በራሱ መንገድ ያካሂዳል፣ ውጤቱንም በራሱ ፎርማት ያስቀምጣል። ሁለት ሞዴሎች ሲለያዩ ልዩነቱ ከፊዚክሱ ይሁን ከሙከራው አሠራር ለማወቅ ይቸግር ነበር። በ1989 በካሊፎርኒያው ሎውረንስ ሊቨርሞር፣ በኑክሌር ጦር መሣሪያ ምርምር በሚታወቀው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሞዴሎችን የሚያነጻጽር ማዕከል ተቋቋመ። ሐሳቡ እንደ ፈተና ነው፦ ለሁሉም ሞዴል ከ1979 እስከ 1988 የነበረውን ያንኑ የባሕር ገጽ ሙቀት ስጡ፣ ከዚያ መልሳቸውን አስተያዩ። በ1995 ደግሞ ውቅያኖስንና ከባቢ አየርን አጣምረው የሚያሰሉ ሞዴሎች ሲሚፕ በተባለው ፕሮግራም ለፈተና ተቀመጡ።

መልስ ለማስተያየት ግን የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል። ኮሎራዶ ውስጥ ዩኒዳታ የተባለ ቡድን በ1980ዎቹ መጨረሻ ኔትሲዲኤፍን ሠርቶ ነበር፤ ቁጥሩንና የቁጥሩን ትርጉም አንድ ላይ የሚይዝ የፋይል ዓይነት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዝናብ ምን ተብሎ ይጠራ፣ በምን ይለካ የሚለውን የሚወስኑ የጋራ ደንቦች ተጻፉ። አሰልቺ ሥራ ነው። እኔን ከዚያ ግማሽ ቀን ያወጣኝ ግን ይኸው አሰልቺ ሥራ ነው።

ለ2007ቱ የአይፒሲሲ ሪፖርት የሞዴሎቹ ውጤት ሲሰበሰብ ኢንተርኔቱ አልቻለውም። ስለዚህ የሊቨርሞሩ ማዕከል ሀርድ ዲስኮችን በፖስታ ላከ፤ የሞዴል ቡድኖቹም ሞልተው መለሱለት። ከ30 ቴራባይት በላይ ተከማችቶ በየትም አገር ላለ ተመራማሪ ተከፈተ። ቀድሞ የሞዴልን ውጤት የሚመረምረው ባብዛኛው ራሱ ሠሪው ነበር። ቀጣዩ ዙር ወደ 2 ፔታባይት ሲጠጋ ፖስታም አላዋጣም፤ ዳታው በየአገሩ ሰርቨር ላይ እንዳለ በአንድ መረብ ተያያዘ።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ውጤቱ ክፍት ስለሆነ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ታየ። አብዛኞቹ ሞዴሎች በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የተመዘገበው ግን መቀነስ ነው። ይህ ወቅት ለቦረና ዋናው ዝናብ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በአካባቢው አምስት ወቅት በተከታታይ ሳይዘንብ ቀርቶ ከብቱ አልቋል። ጉድጓድ ለመቆፈር ወይም ግድብ ለመሥራት የሚያቅድ ሰው ማንን ይመን?

ለዚህ ፍርድ ምስክሩ መሬት ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ነው። የኛ አገር ጣቢያዎች ደግሞ በከተማና በዋና መንገድ ዳር ይበዛሉ፣ ቆላው ላይ ይሳሳሉ። ቱፋ ዲንቁ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸውና ከአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህደው ክፍተቱን ሞሉ። ኢናክትስ የተባለው ይህ አሠራር ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻግሯል። የጣቢያዎቹ ጥሬ መዝገብ ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዛሬም እንደ ልብ አይገኝም። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይደለም፤ በጀት ያነሰው መሥሪያ ቤት ዳታውን ሸጦ ወጪውን ይሸፍናል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ጃፓን ውስጥ የተሰላውን የ2080 ዝናብ በደቂቃዎች አወርዳለሁ። እዚሁ ጎረቤት ወረዳ አምና በመለኪያ የተለካውን ለማግኘት ግን ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ሀርድ ዲስኩ ግማሽ መንገድ ደርሷል፤ ቀሪውን ግማሽ የምንልከው እኛ ነን።