በእጅ የሚሠራ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን

በእጅ የሚሠራ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በመንደር ወይም በትንሽ ከተማ ወርክሾፕ፣ በአናጺና በበያጅ እጅ ተሠርቶ ለአንድ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለጥቂት ቤተሰቦች ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሜትር ነው፤ ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ ከጥቂት መቶ ዋት እስከ 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መቀሌ አቅራቢያ የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 120 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ትንሹ ተርባይን በኃይል መጠን ከእንዲህ ያለው ጋር አይወዳደርም። ብልጫው ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው ሰፈር መገኘቱ ነው።

ታሪክ

ነፋስ ለወፍጮና ለውኃ መሳቢያ ማገልገል ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በ1887 የተሠራ የአንድ መምህር የግቢ ሥራ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላይዝ ሜሪከርክ በተባለች መንደር በነበረው የዕረፍት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሸራ ጨርቅ የለበሰ መዘውር ተክሎ ባትሪ ይሞላበት፣ ቤቱንም ያበራበት ነበር። ትርፉን ኃይል ለመንደሩ ዋና መንገድ መብራት ሊሰጥ ቢጠይቅም፣ ነዋሪዎቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። በዚያው ክረምት አሜሪካዊው ቻርልስ ብረሽ በክሊቭላንድ ከተማ 144 የእንጨት ክንፎች ያሉትና ዲያሜትሩ 17 ሜትር የሆነ ግዙፍ ተርባይን አቆመ፤ ያ ሁሉ ግዝፈት ግን የሚሰጠው 12 ኪሎ ዋት ብቻ ነበር።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአሜሪካ ገበሬዎች ለሬዲዮና ለአምፖል የሚሆን ኃይል በትንንሽ የነፋስ ማመንጫዎች ያገኙ ነበር። የመንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ ፕሮግራም ከ1935 ጀምሮ ሽቦውን ወደ እርሻዎቹ ሲዘረጋ ተርባይኖቹ አንድ በአንድ ከአገልግሎት ወጡ። መስመሩ ባልደረሰበት ቦታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቻይና ውስጣዊ ሞንጎሊያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከመቶ ሺህ በላይ ትንንሽ ተርባይኖች ለሣር ሜዳው ከብት አርቢዎች ተሰራጭተዋል።

የስኮራይግ ንድፍ

ዛሬ በብዙ አገሮች በእጅ የሚሠሩት ተርባይኖች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የተቀዱ ናቸው። ቦታው በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ የሚገኘው የስኮራይግ ልሳነ ምድር ነው። ወደዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በጀልባ ወይም በእግር ነው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመርም አይደርስም። በ1970ዎቹ እዚያ የሰፈረው ሂው ፒጎት ከወዳደቀ ብረት፣ በኋላም ከመኪና የፍሬን ታምቡር ተርባይን እየሠራ ጎረቤቶቹን አስተማረ። የደረሰበትን ንድፍም በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከ1.2 እስከ 4.2 ሜትር ዲያሜትር ላላቸው ተርባይኖች ልኩንና የሥራውን ቅደም ተከተል እንደ ወጥ አሠራር ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል።

ሦስቱ ክንፎች ከእንጨት ተጠርበው በመላጊያ ይስተካከላሉ። ማመንጫው ማግኔት የተለጠፈባቸው ሁለት የብረት ዲስኮች ናቸው፤ በመካከላቸው በሬዚን ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ሳይነካቸው ይቆማል። ዲስኮቹ የሚዞሩት በመኪና ጎማ ኩሽኔታ ላይ ነው። ክንፎቹ በቀጥታ ስለሚያዞሩት ጥርስ ያለው ማርሽ አያስፈልግም። ከሁሉ ብልሃት የታከለበት ጅራቱ ነው። ክንፎቹ ከምሰሶው መካከል ትንሽ ወደ ጎን ስለሚተከሉ፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ጅራቱ ይታጠፋል፤ ተርባይኑም ፊቱን ከነፋሱ ያዞራል። ነፋሱ ሲቀንስ ጅራቱ በራሱ ክብደት ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተርም ሆነ ሞተር የለም።

በዚህ ንድፍ የሚሠሩ ቡድኖች ዊንድ ኢምፓወርመንት የተባለውን ማኅበር በ2011 በዳካር፣ ሴኔጋል መሥርተዋል።

የነፋሱ ሒሳብ

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 2.4 ሜትር ዲያሜትር ባለው ተርባይን በኩል በሴኮንድ 4 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ 170 ዋት ያህል ይይዛል፤ 8 ሜትር ቢሆን 1,400 ዋት ገደማ ይሆናል። ከዚህም ሁሉ ሊወሰድ የሚችለው ቢበዛ 59.3 በመቶው ነው፤ በእጅ የተሠራ ተርባይን የሚይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሶ አይበልጥም። ከዛፍ ወይም ከጣሪያ ጀርባ የተተከለ ተርባይን እየዞረ እንኳ ባትሪ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ክንፉን ከማሳመር ይልቅ ምሰሶውን ማስረዘም ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ከፍታም የራሱ ዋጋ አለው። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ የሚሰጠው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል።

ዊልያም ካምኳምባ

በአፍሪካ የታወቀው ምሳሌ የማላዊው ዊልያም ካምኳምባ ነው። በ2001 እና በ2002 በደረሰው ረሃብ ምክንያት ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስላልቻለ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ወጣ። በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኃይል የሚናገር መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር የተማረው በአብዛኛው ከሥዕሎቹና ከፎቶግራፎቹ ነው። ከትራክተር ፋን፣ ከብስክሌት ክፍሎች፣ ከዲናሞና ከፕላስቲክ ቱቦ የሠራው ተርባይን 12 ዋት ያህል እየሰጠ የቤቱን አምፖሎችና ሬዲዮ አሠራ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ አብዷል ብለውት ነበር። ታሪኩ በ2009 በመጽሐፍ፣ በ2019 ደግሞ በፊልም ቀርቧል።

በኢትዮጵያ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታችኛው ኦሞ የነበረው የአሜሪካ ፕሬስባይቴሪያን ሚሲዮን የወንዙን ውኃ ለአትክልት ማሳ የሚስቡ የነፋስ መዘውሮችን አሠርቶ ነበር። ከተሞከሩት ዓይነቶች አንዱ የግሪክ ደሴት ከሆነችው ከቀርጤስ የተወሰደው ባለ ሸራው መዘውር ነው። መዘውሮቹ ውኃ እንጂ ኤሌክትሪክ አልሰጡም፤ ይሁንና ሐሳቡ አንድ ነው። ሸራው ሲቀደድ በመርፌ ይሰፋል፤ ነፋሱ ሲበረታም በእጅ ይጠቀለላል። ፒተር ፍሬንከል ስለ ሥራው የጻፈው ዘገባ በ1975 ለንደን ውስጥ ታትሟል፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች ባለ ሸራ መዘውር ለመሥራት ያሰቡ ሰዎችም ተጠቅመውበታል።

ጥገናና ከፀሐይ ኃይል ጋር ያለው ፉክክር

ተርባይን ሌት ተቀን የሚዞር ማሽን በመሆኑ ይበላል። ኩሽኔታው ቅባት ይፈልጋል፤ ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ይላላሉ፤ የክንፉ ጫፍ በአሸዋና በዝናብ ይበላል። ኒዮዲሚየም የተባለው ኃይለኛ ማግኔት እርጥበት ሲያገኘው ዝጎ ያብጥና ከጥቅልሉ ጋር ይፋተጋል። ባትሪው ሲሞላ ትርፉ ኃይል ወደ ማሞቂያ ሽቦ ካልተላከም ባትሪው ይጎዳል፤ ጭነት ያጣው ተርባይንም ከልክ በላይ ይፈጥናል። ለጋሽ ድርጅት ተክሎት ጥገና የሚችል ሰው ሳያሠለጥን የሄደበት ተርባይን ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚቆመው ስለዚህ ነው።

የፀሐይ ፓነል የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ዋጋውም ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እጅግ ወርዷል። ፀሐይ በበቂ በሚገኝበት አገር ለአንድ ቤት ብቻ የሚሆን ተርባይን መሥራት ዛሬ ብዙም አያዋጣም ማለት ይቻላል። የክረምቱ ቀን አጭርና ደመናማ፣ ነፋሱ ግን ብርቱ በሆነባቸው እንደ ስኮራይግ ባሉ ቦታዎች ሁለቱ አንድ ባትሪ ተጋርተው ይሠራሉ፤ በጋውን ፀሐዩ፣ ክረምቱን ነፋሱ ይሞላዋል።