ማን ቀድሞ ይጠጣ?

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ጦር አመፀ። መነሻው ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግቡ አይበላም፣ ውሃውም አይጠጣም ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ አናካፍልም አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹ እሳቸውንም አገቱና የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ። በቀጣዩ ወር አስመራ ያለው ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሳ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ዙፋኑ ወደቀ።

ይሄን ታሪክ አብዛኞቻችን በአንድ መስመር እናልፈዋለን። እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ በተለይ ብዙ መስፈርት አመዛዝኖ «ይሄኛው ይሻላል» የሚል ፕሮግራም። ስለዚህ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፓምፑ ነው። የሚሠራ አንድ ጉድጓድ ቀርቷል፣ የተጠማው ብዙ ነው። ቅድሚያው በምን ይወሰን? ነገሌ ላይ መልሱ አንድ መስፈርት ብቻ ነበር፤ ማዕረግ። በእኛ ቋንቋ፣ የማዕረግ ክብደት 100፣ የጥማት ክብደት 0።

የሚገርመው፣ ያ ጦር የሰፈረበት ቆላ ስለዚህ ጥያቄ ከብዙዎቻችን በላይ ያሰበ ማኅበረሰብ ያለበት ነው። ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዱቡሉቅ፣ ዌብ፣ ጋዮ በመሳሰሉት ቦታዎች የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ቱላ ይባላሉ። ሰው መሰላል ላይ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ፣ ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀበለ ያወጣዋል። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው «አባ ኮንፊ» ይባላል፣ ተራውም ከእሱ ይጀምራል። የየቀኑን ተራ የሚያስተዳድረው «አባ ሄሬጋ» ነው። ሄሬጋ በኦሮምኛ ስሌት፣ ቁጥር ማለት ነው። የስሌት አባት! ለኛ ሙያ ከዚህ የተሻለ የሥራ መጠሪያ አላየሁም።

በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ነው የሚጠጣው። ከኮንፊው በኋላ የጎሳው ሰዎች፣ ከዚያ ሌሎች እያለ ይወርዳል። ብዙ ከብት ያለው ለማውጣቱ ብዙ ጉልበት ያዋጣል፤ ጥገናና ጠረጋም በጋራ ነው። ለሰው የሚጠጣ ውሃ ግን ለመንገደኛም ቢሆን አይከለከልም። ሥርዓቱን ፍጹም ነው ለማለት አይደለም። ጎሳ ትልቅ መስፈርት ነው፣ ጉልበት የሌለው ይቸገራል። ግን ልብ በሉ፦ «ለሰው የሚጠጣ» የሚለው ከሌሎቹ ጋር አይመዘንም። ከመዝገቡ በላይ የተቀመጠ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። እ.ኤ.አ. በ1772 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለወዳጁ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን መጻፍ፣ ከዚያ እኩል የሚመዝኑትን እያጣፉ መሰረዝን መክሯል። ከ200 ዓመት በኋላ ቶማስ ሳቲ የተባለ ሞሱል፣ ኢራቅ ውስጥ የተወለደ የሒሳብ ሰው ይሄን አስፋፋው። መስፈርቶችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማወዳደር፣ ከ1 እስከ 9 ነጥብ መስጠት፣ ከዚያ ክብደት ማውጣት። በ1970ዎቹ ዘዴው በሰፊው ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን ሱዳን ነው፤ ለትራንስፖርት ዕቅድ። በ1983 ደግሞ «ኤክስፐርት ቾይስ» የሚባል ፕሮግራም ሆኖ ወጣ። ዛሬ በኤክሴል ጭምር የምንሠራቸው ሰንጠረዦች አብዛኞቹ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

እንዴት እንደሚሠራ በፈጠርኩት ምሳሌ ላሳያችሁ። ኩሬ የሚቆፈርበት ቦታ ትመርጣላችሁ። መስፈርቱ ሦስት ነው፦ ወጪ፣ የተጠቃሚ ብዛት፣ ለግጦሹ ያለው ደኅንነት። ቦታ ሀ በቅደም ተከተል 9፣ 8፣ 1 አገኘ፤ ቦታ ለ 5፣ 6፣ 9። ክብደቱን 50፣ 30፣ 20 በመቶ ካደረጋችሁት ሀ 7.1፣ ለ 6.1 ያመጣል። ሀ አሸነፈ፤ ግጦሹን ግን ያጠፋዋል። ክብደቱን 30፣ 30፣ 40 አድርጉት፤ ሀ 5.5፣ ለ 6.9። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ጊዜ በልበ ሙሉነት፣ በሚያምር ግራፍ ነው የሚነግራችሁ።

ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። የድምሩ ባህርይ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተገኘ 9 ሌላ ቦታ ያለውን 1 ይሸፍናል፤ ርካሽነት የግጦሽን ሞት «ይክሳል»። ቱላው ላይ ይሄ አይሠራም። ሺህ ከብት ያለው ሰው የሺህ ከብቱን ነጥብ ደምሮ የተጠማ መንገደኛን አይበልጥም።

ምሳሌው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ብድር የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ክፍል፣ በምህጻሩ ሶርዱ፣ ያቤሎን ማዕከል አድርጎ ቦረና ውስጥ ተጀመረ። መንገድ ሠራ፣ የከብት ሕክምና አደረሰ፣ ኩሬዎችም ቆፈረ። ኩሬ ቀላል መልስ ይመስላል፤ ውሃ ጎደለ፣ ውሃ ጨምር። ግን ውሃ የሌለው ሜዳ ባዶ ሜዳ አልነበረም። ከብቱ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሄድበት፣ በበጋ ሣሩ የሚያርፍበት ነበር፤ የጠበቀውም የውሃ አለመኖሩ ነው። ኩሬው ሲመጣ ከብቱ ቆየ፣ አንዳንድ ቦታም ሰው በቋሚነት ሰፈረ፣ ሣሩ እረፍት አጣ። ቱላው አባ ሄሬጋ ነበረው፣ አዲሱ ኩሬ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። «ተራውን ማን ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ በዕቅድ ሰንጠረዥ ላይ እንደ ዓምድ አይታይም፤ ያልተጻፈ ዓምድ ደግሞ ክብደቱ 0 ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሙያው ይሄን አልሳተም። በርናርድ ሯ የተባለ ፈረንሳዊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መደመርን የተወ ዘዴ ጀምሯል፤ ስሙ ኤሌክትር ነው። ከጊዜ በኋላ «ቬቶ» ገባበት። አንድ አማራጭ በአንድ መስፈርት ከመጠን በላይ ከወደቀ በሌሎቹ ምንም ያህል ቢጎብዝ ይበልጣል አይባልም። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ደንበኞች ግን ብዙም አይወዱትም፤ አንዳንዴ «ከሁለቱ የሚበልጥ የለም» ይላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ አንደኛ የወጣ ስም ይፈልጋሉ።

ክብደቱን ማን ይስጥ ለሚለውም ቦረና መልስ አለው። ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ጋዮ ላይ ይሰበሰባል፤ ሕጉ ይነገራል፣ ይከራከሩበታል፣ የጉድጓድና የግጦሽ ጉዳይም ይነሳበታል። ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለቀናት ይሰማል። እኛ ግን ክብደት የምናስገባው በአንድ ከሰዓት ነው፤ ስብሰባው ላይ የተገኙት አራት ሰዎች ይስማማሉ፣ ፋይሉ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ሰው 0.2 የሚል ቁጥር ያያል፤ ማን እንዳስገባው ግን አይጻፍበትም።