የሚዛናዊነት መርሕና የሕዝብ አመኔታ

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1949 ያጸደቀው «የሚዛናዊነት መርሕ» የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ ሕዝባዊ ጉዳዮችን እንዲዘግቡ፣ ተቃራኒ አመለካከቶችንም እንዲያስተናግዱ ያስገድድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 መርሑን ቢያጸናውም፣ ኮሚሽኑ ራሱ በ1987 ሽሮታል። ወገንተኛ የሬዲዮ ዝግጅቶች በስፋት የተበራከቱት ከዚያ ወዲህ ነው። ይሁንና መርሑ ጋዜጦችን ስለማይመለከት፣ የአመኔታው ማሽቆልቆል በመሻሩ ብቻ አይገለጽም።

በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ መሠረት፣ በ1976 ከአሜሪካውያን 72 በመቶው በዜና አውታሮች ላይ ከፍተኛ ወይም መጠነኛ እምነት ነበራቸው፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 31 በመቶ ወርዷል። በዚያው ዓመት ከዴሞክራቶች 54 በመቶው፣ ከሪፐብሊካኖች ግን 12 በመቶው ብቻ እምነት እንዳላቸው ገልጸዋል። አመኔታው ከመመናመኑም በላይ በፓርቲ ተከፍሏል፤ ዘገባ ከይዘቱ ይልቅ በአቅራቢው ማንነት ሲመዘን፣ ተፎካካሪዎች የሚከራከሩበት የጋራ ማስረጃ ያጣሉ።